ለአራስ ቤቱ ሲዘጋጅ የእናትየዋስ ጫማ?

በእኛ አገር የሴት ሆድ ገፋ ማለት ሲጀምር ቤቱ ሥራ ይበዛበታል። ቅቤ ይነጠራል። የገንፎው እህል ይለቀማል፣ ይታመሳል፣ ይፈጫል። ማር ይፈለጋል። ለሕፃኑ ልብስ፣ ለእናትየዋ ጋቢ ይገዛል። እናት ከገጠር፣ አማት ከሰፈር፣ ጎረቤት ከጓሮ፣ ሁሉም የድርሻውን ይይዛል። ደስ የሚል ወግ ነው፤ አይቅርብን። ግን ያንን ሆድ ተሸክሞ ወራቱን ሙሉ ዳገት የሚወጣው እግር ምን ይጫማ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙም አላጋጠመኝም።

እኔ ደሴ ላይ የሴቶች ጫማ እሸጣለሁ። አሁን ደግሞ ሁለተኛ ልጄን እርጉዝ ነኝ፤ ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ። ስለዚህ ነገሩን እንደ ሻጭም እንደ ባለጉዳይም አውቀዋለሁ። ሐኪም አይደለሁም። ስለ ሕመም የምለው በክትትል ጊዜ አዋላጆቹን እየጠየቅሁ የያዝኩትንና ያነበብኩትን ነው። ስለ ጫማ የምለው ግን የራሴ ሙያ ነው። የምለምናችሁም አንድ ነገር ነው፦ ከአራሱ ዝግጅት ውስጥ የእናትየዋ ጫማ ይግባ። ያውም ልትወልድ ስትል ሳይሆን ገና ሆዷ መታየት ሲጀምር።

ደሴን የረገጠ ያውቃል። ከተማችን ጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። ሜዳዋ ጥቂት፣ ዳገቷ ብዙ ነው። ከአስፋልቱ ገባ ስትሉ ኮብልስቶን ይቀበላችኋል፤ ኮብልስቶኑ ሲያልቅ ድንጋይ ወይም ጭቃ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሲገቡ ደግሞ ዝናቡ መንገዱን ያሟልጠዋል። ባጃጅ የማይደፍረው ሰፈር አለ። እዚያ የምትኖር ሴት፣ ነፍሰ ጡር ሆነችም አልሆነች፣ ዘንቢሏን ይዛ በእግሯ ነው የምትወጣው። «እርጉዝ ስትሆኚ ፍላት ጫማ አድርጊ» የሚለው አጭር ምክር የማይበቃኝ ለዚህ ነው። ለደሴ ዳገት አይሆንም።

መጀመሪያ እግራችን ምን እንደሚሆን ላውራችሁ። በእርግዝና ጊዜ ሰውነት ሪላክሲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። የዳሌን ጅማቶች ያላላል፤ ልጁ መውጫ እንዲሰፋለት። ግን በደም የሚዞር ነገር ስለሆነ ሌላ ቦታ ያሉትንም ጅማቶች ያላላል። አንድ እግር 26 አጥንቶች አሉት። እነዚያን አጥንቶች አያይዘው የያዙት ጅማቶች ከ100 ይበልጣሉ። እነሱ ላላ ሲሉ፣ ከላይ ደግሞ ክብደት ሲጨመር፣ የውስጥ እግራችን ቅስት ዝቅ ይላል። እግር ወደ ፊትም ወደ ጎንም ይሄዳል። መካከለኛ ክብደት ላላት ሴት በእርግዝና ከ11.5 እስከ 16 ኪሎ መጨመር ጤናማ ነው። አብዛኛው ክብደት የሚመጣው ከፊት ነው። ወገብ ወደ ኋላ ይለመጣል፣ አረማመድ ይሰፋል፣ ጫናው ተረከዝና ውስጥ እግር ላይ ያርፋል።

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ አንድ የአይዋ ዩኒቨርሲቲ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ አሜሪካ ውስጥ የ49 ሴቶችን እግር በእርግዝናቸው መጀመሪያ ላይ ለኩ፤ ከወለዱ ከወራት በኋላም መልሰው ለኩ። የብዙዎቹ ቅስት ዝቅ ብሎ፣ እግራቸው ከ2 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ረዝሞ ተገኘ። ለውጡ ጎልቶ የታየው በመጀመሪያ እርግዝና ላይ ነው። ወልደው ከወራት በኋላም ወደ ነበረበት አልተመለሰም።

ይሄን ሳነብ ወዲያው ወደ ሱቄ ወሰድኩት። ጫማ ላይ የምናየው የአውሮፓ ቁጥር ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ሲሄድ ልዩነቱ 6.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 10 ሚሊ ሜትር እንግዲህ አንድ ቁጥር ተኩል ማለት ነው። 37 ታደርግ የነበረች ሴት 38፣ አንዳንዴም 39 ብትጠይቅ ምንም አይገርምም። እኔ ራሴ ከመጀመሪያ ልጄ በፊት 37 ነበርኩ፤ አሁን 38 ነኝ። የሰርጌን ጫማ ታናሽ እህቴ ወስዳዋለች፤ አምሮባታል።

ሱቅ ውስጥ ግን ብዙ ሴት በቁጥር ታፍራለች። «ኧረ እኔ ድሮም 37 ነኝ» ትለኛለች፤ አውራ ጣቷ ጫፉ ላይ ተጣጥፎ እያየሁት። «ቆዳ አይደል፣ ይለቃል» ትላለች። ቆዳ ወደ ጎን ትንሽ ይለቃል፣ እውነት ነው። ርዝመት ግን አይጨምርም። በዚህ ነገር ከገዢ ጋር ብከራከርም ግድ የለኝም። በጠባብ ጫማ የታጠፈ ጣት ጥፍሩ ወደ ሥጋ ይገባል፤ ያ ደግሞ ጎንበስ ማለት በማይቻልበት ወር ትልቅ ስቃይ ነው።

በቅርቡ አንዲት ሴት ከባሏ ጋር መጣች። ከኩታበር ለገበያ የወጡ ናቸው። ጠባብ ፕላስቲክ ጫማ ነው ያደረገችው። ባልየው «እህቴ፣ ሰፋ ያለ ነጠላ ጫማ ስጫት፤ እግሯ እያበጠ ተቸገረች» አለኝ። በርጩማ ሰጠኋትና ተቀመጠች። ጫማውን ስታወልቅ የጠርዙ ምልክት እግሯን ዙሪያውን ሰርጉዶት ቀርቷል። ትንሿ ጣቷ ላይ ቆዳው ተልጧል። ነጠላ ጫማውን አደረገችና እስኪ ተራመጂ አልኳት። እግሯን ነበር የማየው። በየእርምጃው ጣቶቿ ይጨብጣሉ። ነጠላ ጫማ ከኋላ የሚይዘው የለም፤ ስለዚህ እንዳይወልቅ ጣት ነው አንቆ የሚይዘው። ሜዳ ላይ ይሄ ምንም ላይመስል ይችላል። ቁልቁለት ላይ ግን እግር ወደ ፊት ይሾልካል፣ ተረከዝ ከጫማው ይወጣል። ሆድ ደግሞ መርገጫውን ይጋርዳል። በመጨረሻዎቹ ወራት ሴት የት እንደምትረግጥ በደንብ አታይም።

ይሄንኑ ለባልየው አሳየሁት። ከዚያ ከኋላ የሚይዝ፣ ከላይ የሚለጠፍ ማሰሪያ ያለው ጫማ፣ አንድ ቁጥር ከፍ አድርጌ አመጣሁላት። ስትራመድ ጣቶቿ ተዘረጉ። «ይሄማ ያሳርፋል» አለች። ከሱቁ ጫፍ ጫፍ ተመላለሰችበት። ባልየው ዋጋውን ሰማና ትንሽ ዝም አለ፤ ከዚያ «ይሁን፣ ዳገቱን የምታውቀው እሷ ናት» ብሎ ከፈለ። አላህ ይስጠው። ሳይሄዱ ስለ እብጠቱ ጠየቅኋት። ክትትል ታደርጊያለሽ ወይ? ፊትሽ ወይ እጅሽ ላይስ ያብጥሻል? ራስሽን ያምሻል? ማታ ማታ እግሬ ላይ ብቻ ነው፣ አድሮ ጠዋት ይጠፋል አለችኝ። ክትትሏንም አላቋረጠችም። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ለምን እንደጠየቅኋት ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ጫማ ስትገዙ ከተቻለ በጠዋት አትምጡ። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ኑ። እግር ቀኑን ሙሉ ውሎ አበጥ የሚለው ያኔ ነው፤ ያኔ የተመቸ ጫማ ጠዋትም ይመቻል። ሁለቱንም እግር ሞክሩ፤ የብዙ ሰው ሁለት እግር እኩል አይደለም። በትልቁ ግዙ። ተቀምጣችሁ አትወስኑ፣ ቁሙ። ቆማችሁ ከረጅሙ ጣት ፊት የአንድ አውራ ጣት ውፍረት ያህል ቦታ ይረፍ። ጣቶቻችሁን ውስጥ አንቀሳቅሱ፤ ካልተንቀሳቀሱ ይቅርባችሁ።

ከዚያ ጫማውን በሁለት እጅ ያዙና እጠፉት። መታጠፍ ያለበት ጣቶቻችን በሚታጠፉበት ቦታ ነው። ወገቡ ላይ እጥፍ ካለ ቅስታችሁን አይደግፍም። የኋላውን፣ ተረከዝ የሚያቅፈውን ክፍል በአውራ ጣት ተጫኑት፤ ጠንከር ማለት አለበት። ሶሉን ገልብጡ። ልሙጥ ከሆነ ለክረምት አይሆንም፤ ጥልቅ ጥልቅ መስመር ያለው፣ ጎማነት ያለው ይሁን። የያዛችሁት ጫማ ሶሉ ካለቀ ደግሞ ጫማ ሰፊዎቻችን ጎማ ይለጥፉበታል፤ አዲስ መግዛት ላልቻለ ይሄም ትልቅ ነገር ነው።

ታኮን በተመለከተ፣ ረጅሙንና ቀጭኑን ለጊዜው ተዉት። ሆድ ቀድሞውኑ ወደ ፊት እየጎተተን ነው፤ ረጅም ታኮ ጨምሮ ይገፋናል፣ ወገብም ያሳምማል። ግን ወረቀት የምታህል ፍላትም አትመቸኝም። ኮብልስቶኑን በእያንዳንዱ ድንጋይ ትቆጥሩታላችሁ፣ ተረከዛችሁም ማታ ይቃጠላል። ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ መሠረቱ ሰፊ የሆነ ተረከዝ ያለው ጫማ ጥሩ ነው። ሁለት ጣት አጋድማችሁ ብትለኩት ያህላል።

ልባሽ ጫማስ የምትሉኝ አላችሁ። ጥሩ ጥሩ ስኒከር በልባሽ ይገኛል፣ አልከለክልም። ግን ሁለቱን ጫማዎች ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ከኋላ ተመልከቱ። ተረከዙ ወደ አንድ ጎን ካለቀ ወይም ጫማው ካጋደለ ተዉት። ያ ጫማ የሌላ ሰው አረማመድ ይዟል፤ በላላ ጅማት ላይ ቁርጭምጭሚት ያዞራል።

የሚለጠፍ ማሰሪያ የምወድበት ምክንያት አለኝ። የእኛ ወሎ እንደምታውቁት አንድ ቤተሰብ ውስጥ መስጊድ የሚሄድም ቤተ ክርስቲያን የሚሄድም አለው፤ የእኔም ቤተሰብ እንዲያው ነው። በሁለቱም ደጃፍ ጫማ ይወልቃል። በስምንተኛው ወር ጎንበስ ብሎ ክር መፍታትና ማሰር ቀላል አይደለም። ለውዱእ እግር ማጠቡም እንደዚያው። እኔ አሁን በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው የማጥበው፤ ከዚያ በጣቶቼ መሀል ያለውን በፎጣ በደንብ አደርቃለሁ። እርጥብ እግር ካልሲ ውስጥ ሲገባ በጣት መሀል ያሳክካል፣ ይላጣል። መቆም የከበዳት ተቀምጣ ብትሰግድ ሃይማኖቱ ይፈቅዳል። ቅዳሴ የምታስቀድሱ እህቶቼም አረፍ በሉ፤ ለረጅም ሰዓት ያለ እንቅስቃሴ መቆም እግር ላይ ፈሳሽ ያጠራቅማል።

ቡናውም አለ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪል ድረስ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ እግር አጥፎ መቀመጥ ለነፍሰ ጡር አይመችም። እግራችሁን ዘርጉ። ሌላ በርጩማ ሳቡና ላዩ ላይ ስቀሉት። እንግዳ ፊት ነውር ነው የምትል አክስት ካለች በእርጋታ አስረዷት፤ ወልዳ የምታውቅ ሴት ትረዳለች።

አሁን ወደ እብጠቱ ልምጣ። በእርግዝና ጊዜ ሰውነታችን ውስጥ ያለው ደም እስከ ግማሽ ያህል ይጨምራል። ማኅፀን ሲከብድ ደግሞ ከእግር ወደ ልብ ደም የሚመልሰውን ትልቁን የደም ሥር ይጫነዋል። ፈሳሹ ታች ይቀራል። ስለዚህ ማታ ማታ እግር ቢያብጥ፣ ቅልጥማችሁን በጣት ስትጫኑት ትንሽ ቢሰረጉድ፣ አድሮ ቢቀንስ፣ በአብዛኛው የተለመደ ነው። አብሽሩ። ሙቀት ያባብሰዋል። እኔ ኮምቦልቻ ዘመድ ጥየቃ ስወርድ ይታወቀኛል፤ የሀረጎን ቁልቁለት ጨርሰን ሙቀቱ ሲቀበለን ጫማዬ መጥበብ ይጀምራል። የሚረዳው በግራ ጎን መተኛት፣ ቀን ላይ እግርን ትራስ ላይ ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ በእግር መንቀሳቀስ፣ ውሃ መጠጣት ነው። ፋርማሲ የሚሸጥ ጨመቅ የሚያደርግ ረጅም ካልሲም አለ፤ ጠዋት ከአልጋ ሳትወርዱ፣ እግር ሳያብጥ ነው የሚደረገው። አፉ ጠባብ የሆነ፣ ቅልጥም ላይ አጥብቆ የሚያስር ተራ ካልሲ ግን አታድርጉ።

አዲስ አበባ የምትሄዱም ካላችሁ፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ተቀምጦ መዋል ነው። በእርግዝና ጊዜ ደም እግር ውስጥ የመርጋት ዕድሉ ከወትሮው ይበልጣል። አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር ውረዱና ተራመዱ። ተቀምጣችሁም ቁርጭምጭሚታችሁን ወደ ላይ ወደ ታች አድርጉ፣ አዙሩት።

ያቺን የኩታበር ሴት ለምን እንደጠየቅኋት ልንገራችሁ። ሁሉም እብጠት የጫማ ጉዳይ አይደለም። ከአምስተኛው ወር በኋላ ፊትና እጅ በድንገት ካበጠ፣ ቀለበት አልወጣ ካለ፣ የማይለቅ ራስ ምታት ከመጣ፣ ዓይን ብዥ ካለ ወይም ብልጭ ብልጭ ካለበት፣ ከጎድን አጥንት ሥር በቀኝ በኩል ካመመ፣ ያ ፕሪ ኤክላምፕሲያ የሚባለው የእርግዝና የደም ግፊት ሊሆን ይችላል። ግፊት 140/90 እና ከዚያ በላይ ሲሆን አዋላጆቹ የሚጠነቀቁት ለዚህ ነው፤ ሽንትም የሚመረምሩት ለዚህ ነው። እናትንም ልጅንም ይገድላል። ነገ ይሻለኛል አይባልም፣ ገበያው ይለፍ አይባልም፣ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ነው። ከወለዱ በኋላም በነዚያ የአራስነት ሳምንታት ሊመጣ ስለሚችል አራሷንም ተከታተሏት።

ሌላው ደግሞ አንድ እግር ብቻ ካበጠ ነው። አንዱ ባት ከሌላው ወፍሮ፣ ሞቆ፣ ቀልቶ፣ ሲነካ የሚያም ከሆነ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። አትሹት፣ ወጌሻም አይንካው። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ አንድ ደቂቃ አትቆዩ።

እንግዲህ እነዚህ ከሌሉ የቀረው ቤት የሚያስታግሱት ነው። ጠዋት ከአልጋ ወርዶ የመጀመሪያውን እርምጃ ሲረግጡ ተረከዝ ሥር እንደ መርፌ የሚወጋ ሕመም ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። በውስጥ እግር ከተረከዝ እስከ ጣት የተዘረጋው ጅማት መሳይ ማሰሪያ ሲለጠጥና ሲቆጣ ነው። ሳትነሱ በፊት እግራችሁን ወደ ራሳችሁ ሳቡት። ቀን ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የሞላበት ሃይላንድ መሬት ላይ አጋድሙና ወንበር ላይ ቁጭ ብላችሁ በውስጥ እግራችሁ አንከባልሉት። እኔ ገዢ ሲጠፋ ባንኮኒው ሥር የማደርገው ይሄንኑ ነው፤ በጣም ያሳርፋል። ሌሊት ባት ቀጥ አድርጎ ሲይዝ ደግሞ ጣትን ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ፣ ወደ ፊታችሁ መሳብ ነው። ባል ካለ ቀስቅሱት፣ ይሳብላችሁ። ጥፍርም እሱ ይቁረጥላችሁ፤ ቀጥ አድርጎ፣ ጎኖቹን ሳያጎደጉድ።

ባዶ እግር ስለመሄድም አንዲት ነገር። ጓሮ ስትወጡ፣ እርሻ ስትወርዱ፣ ሽንት ቤት ስትሄዱ ባዶ እግራችሁን አትሁኑ፤ በተለይ ሞቃትና ርጥብ በሆነው ቆላው ወገን። መንጠቆ ትል የሚባለው በእግር ቆዳ በኩል ገብቶ አንጀት ውስጥ ደም ይመጥጣል። ነፍሰ ጡር ደግሞ ደሟ ለሁለት ነው፤ የደም ማነስ ሳያስቡት ይይዛታል። ክትትል ላይ የትል መድኃኒት ሲሰጧችሁ አትተዉት።

ወልዳችሁ በሰላም ከተገላገላችሁ በኋላ ለአቂቃውም ለክርስትናውም ታኮ ለማድረግ አትቸኩሉ። ጅማት ወደ ቦታው የሚመለሰው ቀስ ብሎ፣ በወራት ነው። እጃችሁ ላይ ልጅ ይዛችሁ ደግሞ ደረጃ ትወርዳላችሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እግር እንዲያውም ጨምሮ ሊያብጥ ይችላል፤ ስለዚህ ያኔ አትለኩ፣ አዲስም አትግዙ። የድሮ ጫማችሁንም ለሰው ለመስጠት ጊዜ ስጡት። አራት አምስት ወር ሲሆናችሁ፣ እብጠቱ ሲያልቅ፣ አንድ ቀን ከ10 ሰዓት በኋላ ሁለቱንም ሞክሩ። ከገባ እሰየው። ካልገባ ያገኛችሁት ጫማ ቤት ግቡና እግራችሁ እንዲለካ ጠይቁ፤ ለመለካት መግዛት የለባችሁም። እኔ ጋ የመጣችውን ሁሉ እለካለሁ።